እርሾውን አትድፉት
ሳሎን ውስጥ ያለው አኳርየም አረንጓዴ ሲለብስ ምን እናድርግ?

የዛሬው ጨዋታችን ሳሎን ጥግ ስለሚቀመጥ የመስታወት ሣጥን፣ ስለ አኳርየም ነው። ብዙ ልጆች በባር ሚጽቫ ወይም በባት ሚጽቫ ካገኙት ገንዘብ ቆንጥረው ይገዙታል። ጠጠር፣ ጥቂት የውሃ ተክል፣ አምስት ስድስት ትንንሽ ዓሣ፣ አንድ መብራት ይገባበታል። በመጀመሪያው ሳምንት ውሃው እንደ ምንጭ ጥርት ያለ ነው፤ እንግዳ ሁሉ ቆም ብሎ ያየዋል።

ከዚያስ? በሦስተኛው ሳምንት ጠጠሩ ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ይታያል። በሁለተኛው ወር መስታወቱ አረንጓዴ ይለብሳል፣ ከቅጠሎቹም ላይ ክር ክር የሚል ነገር ይንጠለጠላል። ይሄ አልጌ የሚባለው ነው፤ ልጆቻችሁ በዕብራይስጥ «አጾት» ይሉታል። በዚህ ጊዜ ንጽሕና የለመደች እናት ምን ታደርጋለች? ዓሦቹን በሳህን ታወጣለች፣ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ትደፋለች፣ ጠጠሩንና ማጣሪያውን በአኮኖሚካ አሽታ ታጥባለች። ሣጥኑ ያብረቀርቃል። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ግን ዓሦቹ አንድ በአንድ ይሞታሉ። ልጁም «አልሆነልኝም» ብሎ ሣጥኑን ወደ ሚርፔሴት ያወጣዋል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ የጠፋው የንጽሕናና የቆሻሻ ልዩነት ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አጭር ነው፤ አረንጓዴው ምልክት ነው። ብርሃኑ ወይም ምግቡ መብዛቱን፣ ተክሉም ገና አለመጠንከሩን ይነግራችኋል። ምልክቱን ማንበብ ደግሞ ማሳ አርሶ፣ አረም ነቅሎ፣ እንጀራ አብኩቶ ላደገ ሰው ከባድ አይደለም።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው እርሾ

ዓሣ ይበላል፣ ያራል፣ በመተንፈሻውም በኩል አሞኒያ የሚባል ቆሻሻ ያወጣል። ያልተበላ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም አሞኒያ ይሆናል። ትኩስ ፍግ በችግኝ ሥር ስታፈስሱበት ችግኙ ይቃጠል የለ? አሞኒያም የዓሣን መተንፈሻ እንደዚያ ያቃጥላል።

ፍግ ግን ሲሰነብት ይበስላል፤ መርዙ ይለቅና ለም ይሆናል። በውሃ ውስጥም እንዲሁ ነው። በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ይሄም ገና መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በልክ ከሆነ ዓሣውን አይጎዳም፣ ተክሉም ይመገበዋል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ፣ በጠጠሩና በድንጋዩ ላይ ነው። ከሱቅ አዲስ ሣጥን ስትገዙ አብረው አይመጡም። ተራብተው ቤቱን እስኪሞሉት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እናቶች ሆይ፣ ይሄ ማለት እርሾ ነው! እንጀራ ጋጋሪ ሁሉ እርሾዋን ታውቃለች፤ ከዕቃው ሥር ጥቂት ታስቀራለች እንጂ ጠራርጋ አትደፋውም፣ የፈላ ውሃም አታፈስበትም። የቆሸሸ የሚመስለው የማጣሪያ ስፖንጅ የአኳርየሙ እርሾ ነው። አኮኖሚካ ሲነካው ያልቃል። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎርም ይጎዳዋል። እርሾው ካለቀ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል፤ ከትልቅ እጥበት በኋላ ዓሦች የሚሞቱበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው።

እርሾ ከጎረቤት እንደሚለመነው ሁሉ ይሄንንም መለመን ይቻላል። ጤነኛና ወራት ያስቆጠረ አኳርየም ያለው ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለ፣ ከማጣሪያው ስፖንጅ ቁራጭ ለምኑት። እርጥቡን፣ በራሱ አኳርየም ውሃ ውስጥ እንዳለ አምጥታችሁ በአዲሱ ማጣሪያ ውስጥ ብታስገቡት የመጠበቂያው ጊዜ በእጅጉ ያጥራል።

አጀማመሩ ሲያምር

ሰው «ለልጅ ትንሿ ትበቃለች» ብሎ የ10 ሊትር ሣጥን ይገዛል። ትንሽ ውሃ ግን ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበላሻል፤ አንድ ቁንጥር ምግብ ቢተርፍ እንኳ ያናጋዋል። ቦታ ካለ 60 በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነው ጥሩ ነው። እስከ አፉ ቢሞላ 54 ሊትር ይይዛል። ከ50 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ ጠንካራና ቀጥ ያለ መደብ ይፈልጋል። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያገኘው መስኮት አርቁት። የእስራኤል ፀሐይ ለአልጌ ድግስ ነው።

ለመብራቱ በየቤታችን ያለውን ሻዖን ሻባት ተጠቀሙበት። ለሰንበት መብራት የሚያበራና የሚያጠፋው ያው ዕቃ የአኳርየሙንም መብራት ይጠብቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በቀን 6 ሰዓት ይበቃል፤ ተክሉ ሲጠነክር እስከ 8 ሰዓት ማድረስ ይቻላል። ለምሳሌ ከ15፡00 እስከ 21፡00 ብታደርጉት ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በርቶ ያገኙታል። «ዛሬ ረሳሁት፣ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ አደረ» የሚባል ነገርም አይኖርም።

ተክል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በብዛት ይተከል። ጤፍ በደንብ ሲጠቀጠቅ አረሙን አፍኖ እንደሚያስቀር ታውቃላችሁ። ባዶ መሬት የአረም ነው፤ ባዶ ጠጠርም የአልጌ ነው። ለጀማሪ የሚሆኑ ጥቂቶቹን ልጥቀስላችሁ። ቫሊስኔሪያ እንደ ሣር ረዝሞ የሚያድግ ነው፣ በሥሩ እየተሰደደም ይራባል። ሴራቶፊለም ሥር የለውም፤ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ፈጥኖ ስለሚያድግ የአልጌውን ምግብ ይሻማዋል። አኑቢያስ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣ ቅጠለ ወፍራም ተክል ነው፤ ጥላ ይችላል። እሱን ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር ማሰር እንጂ ወፍራም ግንዱን ጠጠር ውስጥ መቅበር አይገባም፤ ይበሰብሳል። ክሪፕቶኮሪን የሚባለው ደግሞ በተተከለ በሳምንቱ ቅጠሉ ሊቀልጥ ይችላል። ሞተ ብላችሁ አትንቀሉት፤ ሥሩ ደህና ከሆነ ከአዲሱ ውሃ ጋር ተላምዶ ያቆጠቁጣል።

ውሃውን በተመለከተ፣ ዛሬ ከቧንቧችን ከሚወርደው ውሃ ብዙው ጨው ተጣርቶለት ከባሕር የሚመጣ ነው፤ በአሽቀሎን ትልቁ ማጣሪያ ሥራ ከጀመረ ከ2005 ወዲህ ነገሩ እየሰፋ ሄዷል። ሆኖም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ውሃችሁ ኖራ የበዛበት ነው፤ ለእንዲህ ያለው ውሃ ጋፒና ፕላቲ የሚባሉት ዓሦች ተስማሚ ናቸው። ወርቃማው ዓሣ ግን ለትንሽ ሣጥን አይሆንም፤ ትልቅ ይሆናል፣ ቆሻሻውም ብዙ ነው። ውሃው ከየትም ይምጣ፣ ከመጨመሩ በፊት ክሎር የሚያጠፋውን ጠብታ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ አግቡበት።

ዓሣ የሚገባው እርሾው ከተያዘ በኋላ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ የመለኪያ ወረቀት ወይም ጠብታ አለ፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲያሳዩ ጥቂት ዓሣ አስገቡ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ጥቂት ጨምሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አልጌ የሚወዳቸው ሦስት ነገሮች

አልጌ የሚፈልገው ብርሃን፣ ምግብና ባዶ ቦታ ነው። በጎንደርና በደምቢያ በኩል ያደጋችሁ ጣናን ታውቁታላችሁ። ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም ሐይቁ ላይ ሰፍሮ ገበሬው በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ይነቅሉታል፣ ይመለሳል። ለምን? ፀሐዩ አለ፣ ከእርሻና ከከተማ እየታጠበ የሚገባው ለም ነገርም አለ። እምቦጭ አልጌ አይደለም፤ ጠባዩ ግን አንድ ነው። የሚቀለበው እስካልተቋረጠ ድረስ መንቀል ብቻውን አይበቃም።

በቤታችን አኳርየም ውስጥ ቀላቢዎቹ እኛው ነን። ባህላችን ጉርሻ ነው፤ እንግዳ «በቃኝ» ቢልም «በሞቴ» እንለዋለን። ዓሣ ደግሞ በቃኝ አያውቅም፤ ሰው በቀረበ ቁጥር ወደ መስታወቱ ይመጣል። አያት ጠዋት ትሰጣለች፣ ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ ይሰጣል፣ አባት ማታ ይሰጣል። የሚተርፈው ሁሉ የአልጌ ማዳበሪያ ይሆናል። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ስጡ። በሳምንት አንድ ቀን ጭራሽ ባይበሉ ጤነኛ ዓሦች አይጎዱም። መጋቢው አንድ ሰው ይሁን፤ እሱም ልጁ ይሁን።

መልኩን አይቶ መለየት

አረም ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ ሙጃና አቀንጭራ በአንድ መንገድ እንደማይጠፉ፣ አልጌም ዓይነቱ ብዙ ነው።

ቡናማ አቧራ፦ አዲስ ሣጥን ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ይሄ ነው። በጣት ሲነኩት ይለቃል። በጨርቅ ጥረጉት፣ ውሃውን በየሳምንቱ ቀይሩ፣ ታገሱ። ብዙውን ጊዜ ተክሉና እርሾው ሲጠነክሩ በራሱ ይሄዳል።

በመስታወት ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ፦ ከብርሃን ጋር የተያያዘ ነው። በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ይፋቃል። ጥቂቱ በማንኛውም ጤነኛ አኳርየም ውስጥ ይኖራል፤ አያስጨንቃችሁ።

ክር የመሰለ አረንጓዴ፦ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አስገብታችሁ እንደ ጥጥ ፈትል እየጠቀለላችሁ አውጡት። ከዚያ መብራቱን በቀን አንድና ሁለት ሰዓት ቀንሱ፣ ፈጥኖ የሚያድግ ተክል ጨምሩ።

ውሃው ራሱ እንደ ጎመን ውሃ ሲሆን፦ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን አልጌዎች ናቸው። ውሃ መቀየር ብቻውን ለጥቂት ቀን ያጠራው ይሆናል እንጂ አይበቃም፤ ተመልሰው ይራባሉ። ከውሃው ሲሶውን ቀይራችሁ፣ መብራቱን አጥፍታችሁ ሣጥኑን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ወይም በብርድ ልብስ ለ3 ወይም ለ4 ቀን ሸፍኑት። የማጣሪያው አየር ማስገቢያ እንዳይታፈን ተጠንቀቁ፤ ማጣሪያው ያለማቋረጥ ይሥራ። የሞተው አልጌ ኦክስጅን ይበላልና ስትገልጡት ወዲያው ውሃ ቀይሩ። ዓሦቹም ተክሎቹም ይሄን ያህል ጨለማ ይችላሉ።

የሚያሟልጭ ሰማያዊ አረንጓዴ ሽፋን፦ እንደ ቆዳ ተገፎ ይነሣል፣ ሽታው መጥፎ ነው። ይሄኛው በእውነቱ አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። በቱቦ እየመጠጣችሁ አውጡት፣ ጠጠሩ ላይ የተጠራቀመውን ቆሻሻ አጽዱ፣ ውሃው በዚያ ጥግ እንዲንቀሳቀስ የማጣሪያውን አፍ አዙሩ። እንደ አረንጓዴው ውሃ በጨለማ መሸፈንም ይረዳል። «አንቲባዮቲክ አድርጉበት» የሚል ይመጣል፤ መድኃኒቱ እርሾውንም ሊጎዳው ስለሚችል ተዉት።

ጥቁር ጢም የመሰለ፦ በቅጠል ጠርዝና በእንጨት ላይ ይበቅላል፣ አጥብቆ ይይዛል። የተያዘውን ቅጠል ቆርጣችሁ ጣሉ። ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ከሆነ አውጥታችሁ በደረቅ ብሩሽ ፈግፍጉት፤ ከፋርማሲ የሚገዛውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጥቂት ደቂቃ ቀብታችሁ፣ በደንብ አለቅልቃችሁ መልሱት።

በሱቅ አልጌ ገዳይ ጠርሙስ ይሸጣል። ቶሎ ይገድል ይሆናል፤ ነገር ግን የሞተው አልጌ እዚያው ይበሰብሳል፣ ውሃው ኦክስጅን ያጣል። መዳብ ያለበት ከሆነ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይገድላል። ብርሃኑና ምግቡ ካልተቀነሱ ደግሞ በወሩ ተመልሶ ይመጣል።

የሳምንቱ ሥራ

ቀን ምረጡለት፤ ለብዙ ቤት ከአርብ ግርግር ይልቅ የሳምንቱ መካከል ይሻላል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

1. የማሞቂያውን፣ የማጣሪያውንና የመብራቱን ሶኬት ንቀሉ። ማሞቂያው እስኪበርድ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። እጅ ውሃ ውስጥ እያለ ምንም ኤሌክትሪክ መሰካት የለበትም።
2. መስታወቱን ከውስጥ ጥረጉ። ቢጫ የሆነና የበሰበሰ ቅጠል ቁረጡ።
3. በቱቦ ከውሃው ሩቡን አውጡ፤ የቱቦውን አፍ ጠጠሩ ላይ እያስኬዳችሁ ቆሻሻውን ምጠጡ።
4. ማጣሪያው ሲደክም፣ ምናልባት በወር አንዴ፣ ስፖንጁን በባልዲው ውስጥ ባለው የአኳርየም ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ቧንቧ ሥር አይታጠብ፤ ሳሙናም አይንካው። ውሃው ቡና ቢመስልም አትደንግጡ።
5. ከሣጥኑ ውሃ ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ያለው፣ ክሎሩ የጠፋለት ውሃ ቀስ አድርጋችሁ መልሱ።
6. ሶኬቱን መልሳችሁ ሰኩ፤ ማጣሪያው ውሃ እየገፋ መሆኑን ሳታዩ አትሂዱ።

ባልዲው ለዚሁ ብቻ የተመደበ ይሁን፤ ወለል የሚታጠብበት ባልዲ የሳሙና ቅሪት አያጣውም። መድኃኒት ወይም ጨው ያልገባበት ከሆነ የወጣውን ውሃ አትድፉት። ለተክል የሚሆን ምግብ አለበትና ሚርፔሴት ላይ ላለችው ጤና አዳምና በሶብላ ከሥራቸው አጠጡ።

ቀንድ አውጣ አልጌ ስለሚበላ ይጠቅማል። አንዳንዶቻችን ግን ቀንድ አውጣ ስናይ ትዝ የሚለን የወንዝ ውሃና ቢልሃርዚያ ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ነገር ግን ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያ የሚይዘው በሽታው ያለበት ሰው ሽንት ወይም ሰገራ ውሃው ውስጥ ሲገባ ነው። ይሄ በሳሎን ሣጥን ውስጥ አይሆንም። ሆኖም ከሥራው በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። እጃቸው ላይ ቁስል ያለባቸው፣ በተለይም የስኳር ሕመምተኞች፣ ጓንት ያድርጉ ወይም ሥራውን ለሌላ ይተዉ፤ ከአኳርየም ውሃ በቁስል በኩል የሚገባ የቆዳ ኢንፌክሽን አለ።

ከስድስት ወር በኋላ

እስከ ስድስተኛው ወር የታገሠ ሰው ብዙውን ጊዜ ይካሳል። ተክሉ ሥር ሰዷል፣ እርሾው ጠንክሯል፣ አልጌው ጥግ ጥግ ይዟል። ታዲያ በዚህን ጊዜ «አለቀለት» ብሎ መዘናጋት ይመጣል። ተክሉ ጫካ ይሆናል፣ ላይኛው ታችኛውን ያጨልመዋል፣ ሥር ሥሩ ያለው ቅጠል ይበሰብሳል። ማጣሪያው ቀስ በቀስ ተደፍኖ የውሃው ግፊት ይደክማል። ዓሦቹም ወልደው ቁጥራቸው እጥፍ ሆኗል፤ ጋፒ ካላችሁ ታውቁታላችሁ! ያን ጊዜ ለወራት ያልታየ አልጌ ድንገት ይመለሳል።

መድኃኒቱ እንደ አትክልት ቦታ መግረዝ ነው። በሁለትና በሦስት ሳምንት አንዴ የረዘመውን ቁረጡ፣ ጥቅጥቅ ያለውን አሳሱ፤ በአንድ ቀን ግን ከሲሶ በላይ አታንሡ። የማጣሪያውን ግፊት በእጃችሁ ፈትሹ። ናይትሬቱን ለኩ፤ በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም ካለፈ የምትቀይሩት ውሃ አንሷል ወይም ዓሣው በዝቷል ማለት ነው። በሌላ በኩል ተክሉ ብዙ ሆኖ አሮጌው ቅጠል ቢገረጣ የራበው ሊሆን ስለሚችል፣ የውሃ ተክል ፈሳሽ ማዳበሪያ ከታዘዘው ግማሽ ጀምራችሁ ስጡት። አዲስ ነገር ስትሞክሩ አንድ ነገር ብቻ ለውጡና ሁለት ሳምንት ጠብቁ። መብራቱንም፣ ምግቡንም፣ ማዳበሪያውንም በአንድ ቀን ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁትም።

የተገረዘውን ተክልና የተረፈውን ዓሣ ግን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ አትጣሉ። የእምቦጭ ታሪክ ይበቃናል። ተክሉን በፌስታል አስራችሁ ከቤት ቆሻሻ ጋር ጣሉት፤ ዓሣውን ለሚያሳድግ ሰው ስጡት።

ሙቀቱና ፋሲካው

በአገራችን ሁለት ጊዜዎች ለአኳርየም ፈተና ናቸው። አንደኛው የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ነው። ማዝጋን ጠፍቶ ቤቱ ሲዘጋ ውሃው ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የሞቀ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል፤ ዓሦቹ ላይ ላዩን አፋቸውን ሲከፍቱ ታያላችሁ። ክዳኑን ክፈቱ፣ ትንሽ ማራገቢያ ወደ ውሃው ፊት አዙሩ፣ የማጣሪያው ውሃ ከላይ እየተንፏፏ እንዲወርድ አድርጉ። በረዶ አትጨምሩ፤ ድንገተኛ ለውጥ ከሙቀቱ ይብሳል።

ሁለተኛው የፋሲካ ጽዳት ነው። ቤቱ ሁሉ ተገልብጦ ሲታጠብ አኳርየሙም ተራው ይደርሳል። ሣጥኑን ከውጭ ጥረጉት፣ የሳምንቱን ሥራ ሥሩለት፣ እዚያ ላይ ይብቃው። የሚረጭ የመስታወት ማጽጃ አጠገቡ አይነፋ፤ ጨርቁ ላይ ረጭታችሁ ጥረጉ። አንድ ነገር ግን አስታውሱ፤ ብዙ የዓሣ ምግቦች ስንዴ አለባቸው። የቆርቆሮውን ጽሑፍ ልጁ ያንብብላችሁ፤ ሐሜጽ ያለበት ከሆነ ለእነዚያ ቀናት ሐሜጽ የሌለበትን፣ ለምሳሌ ምንም ያልተቀላቀለበትን የበረዶ የዓሣ ምግብ፣ አስቀድማችሁ ግዙ።

የልጁ ሣጥን፣ የእናንተ ዓይን

በዚህ አገር ብዙ ነገር ልጆቻችን ያስረዱናል። ደብዳቤውን እነሱ ያነቡልናል፣ ስልኩን እነሱ ያስተካክሉልናል። ልጅ ለወላጁ ሁልጊዜ አስተርጓሚ ሲሆን፣ ሳያስበው «አባቴ አያውቅም» ብሎ ያድጋል። አባትም ዝም ማለትን ይለምዳል። አኳርየሙ ይሄን ነገር በትንሹም ቢሆን ሊገለብጠው ይችላል። ልጁ የሣጥኑን መመሪያ በዕብራይስጥ ያነብባል፤ እናንተ ደግሞ ቅጠሉን ታነብባላችሁ። ጠዋት ጠዋት ማሳውን ዞር ዞር ብሎ የሚያይ ገበሬ ዓይን፣ ገና ሳይባባስ የገረጣውን ቅጠል ያያል። ቡሃቃ ከፍታ ሊጡ መቡካቱን በሽታው የምታውቅ እናት፣ ውሃው ሲለወጥ አፍንጫዋ ይነግራታል።

ስለዚህ መስታወቱ አረንጓዴ ሲለብስ «ይሄን ቆሻሻ አውጣልኝ» ከማለት ይልቅ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ጠይቁት። መብራቱ ስንት ሰዓት በራ? ስንት ጊዜ መገብክ? ውሃው የተቀየረው መቼ ነው? ማጣሪያው ይገፋል? መልሱ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ከአራቱ አይወጣም። ከዚያ እርሾ ምን እንደሆነ፣ እናታችሁ እንዴት ታስቀረው እንደነበር፣ ያለቀባት ሰው ከማን ትለምን እንደነበር አጫውቱት። ስፖንጁን ለምን በአኮኖሚካ እንደማያጥብ ያን ጊዜ ይገባዋል፤ በመመሪያው ላይ ከተጻፈው ይልቅ ይሄ አይረሳውም።

የእሱ ሣጥን ዓመት ሲሞላው ደግሞ፣ አዲስ ለሚጀምር ጓደኛው ከስፖንጁ ቆርጦ እንዲሰጥ ንገሩት። እርሾ ሲሰጡት አያልቅም።